ነፋሱ እዚህ፣ ገዢው ማዶ፦ ስለ ድንበር ተሻጋሪ የነፋስ ኃይል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አገሮች ለጎረቤት ኤሌክትሪክ ሲሸጡ ኖረዋል። የነፋሱ ምን የተለየ ነገር አለው?

በተለመደው መንገድ ሻጩ አገር የሚሸጠው ከብሔራዊ ግሪዱ፣ ማለትም ከአገር አቀፉ የኤሌክትሪክ መረብ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ለጅቡቲና ለኬንያ የምትልከው እንዲህ ነው፤ ጅቡቲ ከተማ የበራው አምፖል ከየትኛው ግድብ ወይም ከየትኛው ተርባይን እንደመጣ ነጥሎ መናገር አይቻልም።

እዚህ የምናወራው ከመጀመሪያው ለውጭ ገዢ ተብሎ ስለሚተከል ጣቢያ ነው። መሬቱ በአንዱ አገር ነው፣ ገበያው በሌላው። አብዛኛውን ጊዜ ጣቢያው ከተተከለበት አገር ግሪድ ጋር አይገናኝም፤ በራሱ መስመር ድንበር ተሻግሮ የገዢውን አገር ግሪድ ይቀላቀላል። መሬቱና ግብሩ የአንዱ አገር ቢሆንም ጣቢያውን የሚያዘው የወዲያኛው አገር የኃይል መቆጣጠሪያ ማዕከል ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

እውን የሆነ ምሳሌ አለ?

ሁለት ጥሩ ምሳሌዎች አሉ። የመጀመሪያው በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ፣ ከአሜሪካ ድንበር አጠገብ ያለው ሲዬራ ሁዋሬስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በ47 ተርባይኖች 155 ሜጋ ዋት ይዞ ሥራ ጀመረ፤ በኋላም ሁለተኛ ምዕራፍ ተጨመረለት። ምርቱን የሚገዛው በካሊፎርኒያ ያለው የሳን ዲዬጎ የኤሌክትሪክና ጋዝ ኩባንያ ነው፣ ውሉም የ20 ዓመት ነው። ድንበሩን የሚሻገረው 230 ኪሎ ቮልት መስመር ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ፈቃዱ ግን ከመስመሩ ይረዝማል። በአሜሪካ ሕግ ድንበር የሚያቋርጥ የኤሌክትሪክ መስመር ለመዘርጋት በኢነርጂ ሚኒስቴሩ በኩል የሚሰጥ ፕሬዚዳንታዊ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በደቡብ ላኦስ ያለው ሞንሱን ነው፤ በሴኮንግና በአታፑ አውራጃዎች የተተከሉ 133 ተርባይኖች፣ በድምሩ 600 ሜጋ ዋት። ገዢው የቬትናም መንግሥታዊ የኤሌክትሪክ ድርጅት ሲሆን የ25 ዓመቱ ውል እ.ኤ.አ. በ2021 ተፈረመ። የብድር ስምምነቱ በ2023 ተጠናቀቀ፣ ጣቢያው በ2025 ወደ ንግድ ሥራ ገባ። ከዚህ ወዲህ አብዛኛውን ነገር በዚህ ፕሮጀክት እያሳየን እንሄዳለን።

ገዢው አገር በራሱ መሬት ለምን አይተክልም?

ይተክላል፤ ቬትናም ራሷ ብዙ የነፋስ ጣቢያ አላት። ግን ጥሩ ነፋስ ያለበት ባዶ መሬት፣ አቅም ያለው መስመርና የሚሸጥ ዋጋ አንድ ቦታ ላይ ሲገጣጠሙ የሚገኘው ጥቂት ቦታ ነው። ሌላው ምክንያት ወቅት ነው። በላኦስ ተራሮች ነፋሱ የሚበረታው በበጋው ወራት ነው፣ ያኔ ደግሞ የግድቦች ውኃ ይቀንሳል። በክረምት ውኃ፣ በበጋ ነፋስ፤ ለገዢው ይህ ዓመቱን ሙሉ ከሚነፍስ መካከለኛ ነፋስ ሊበልጥበት ይችላል።

ነፋሱን መለካት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ይመረጣል ሁለት። ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ወቅት ይጎድላል፣ የጎደለው ወቅት ደግሞ ውሉን የሚያበላሸው ሊሆን ይችላል። የመለኪያ ምሰሶው ከተርባይኑ እምብርት (ክንፎቹ ከሚገናኙበት መሃል) ከፍታ ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት፤ በ60 ሜትር ለክቶ ለ110 ሜትር መገመት በተራራማ ቦታ ላይ ቁማር ነው። በየከፍታው ጥንድ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ፣ የአቅጣጫ ጠቋሚ፣ የሙቀትና የአየር ግፊት መለኪያ ይገጠማል። ምሰሶ ለማቆም በማይመች ቦታ በሌዘር የሚለካ ሊዳር ይረዳል። የአንድ ዓመቱ ልኬት ከ20 ዓመት በላይ ካለው የሳተላይትና የአየር ሁኔታ ሞዴል መረጃ ጋር ተነጻጽሮ ይስተካከላል፤ አለበለዚያ የአንድ ጥሩ ዓመት ነፋስ የ25 ዓመት ተስፋ ይሆናል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቀው በነፋስ ውስጥ ያለው ጉልበት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ ነው። በሰከንድ 7 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ወደ 8 ቢያድግ ፍጥነቱ የጨመረው 14 በመቶ ነው፣ ጉልበቱ ግን 49 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ትንሽ የልኬት ስህተት ገቢው ላይ ብዙ ሆና ትመጣለች።

ከፍታና ሙቀትም ይቆጠራሉ። በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል 18 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቆላ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በአምራቹ ሰነድ ላይ ያለው የምርት ሠንጠረዥ ለባሕር ወለል የተሰላ ከሆነ ለደጋም ለቆላም እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

600 ሜጋ ዋት ማለት በዓመት ስንት ይሆናል?

600 ሜጋ ዋት ነፋሱ ሲሞላ የሚደረስበት ጣሪያ ነው። ለምሳሌ ያህል ዓመታዊው የአቅም አጠቃቀም 32 በመቶ ነው እንበል። 600 በ8,760 ሰዓት፣ በ0.32 ሲባዛ ወደ 1,682 ጊጋ ዋት ሰዓት ይመጣል። ቬትናም እስከ 2025 መጨረሻ ሥራ ለሚጀምሩ የላኦስ የነፋስ ጣቢያዎች ያወጣችው የዋጋ ጣሪያ በኪሎ ዋት ሰዓት 6.95 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በዚያ ዋጋ ከላይ ያለው ምርት በዓመት 117 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። ገዢው በመስመር መጨናነቅ ምክንያት 5 በመቶውን «አሁን አልፈልግም» ቢል ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ይታጣል። ውሉ ውስጥ ለዚህች 5 በመቶ ስንት ሳምንት እንደሚከራከሩባት ስትሰሙ አይግረማችሁ።

ባንኮች ግን በአማካዩ ትንበያ አያበድሩም። በ10 ዓመት ውስጥ 9ኙን ዓመት ሊገኝ ይችላል የሚባለውን ዝቅተኛ ቁጥር፣ ማለትም ፒ90ን ይጠይቃሉ። የትንበያው ጥርጥር 10 በመቶ ከሆነ ፒ90 ወደ አማካዩ 87 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የልኬት ምሰሶ ላይ የተቆጠበ ገንዘብ እዚህ ላይ በትንሽ ብድርና በውድ ወለድ ይመለሳል።

መስመሩን የሚሠራው ማን ነው? ቢዘገይስ?

በተለመደው አሠራር ሻጩ እስከ ድንበሩ፣ ገዢው ከድንበሩ ወዲያ። በሞንሱን ከጣቢያው እስከ ድንበር 22 ኪሎ ሜትር፣ በቬትናም በኩል ደግሞ እስከ ታን ሚ ማከፋፈያ ጣቢያ 45 ኪሎ ሜትር ያህል 500 ኪሎ ቮልት መስመር ተዘርግቷል። የወዲያኛውን የሠራው የቬትናም ወገን ነው።

አደጋው የሚታየው እዚህ ነው። ተርባይኖቹ ተተክለው መስመሩ ባይደርስ ምንም ማድረግ አይቻልም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አዲስ የነፋስ ጣቢያ ኃይል ከመላኩ በፊት ኃይል መቀበል እንዳለበት ነው። የክንፍ ማዞሪያው፣ የማቀዝቀዣው፣ የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩና ትራንስፎርመሮቹ የሚፈተሹት ከግሪዱ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው። ጣቢያው ከአገሩ ግሪድ ጋር ካልተገናኘ ይህ ኃይል የሚመጣው ከወዲያ ማዶ ነው። ስለዚህ የድንበሩ መስመር ቮልቴጅ የሚሰጥበት ቀን ከመጀመሪያው ተርባይን ፍተሻ በፊት መሆኑ በውሉ በግልጽ መጻፍ አለበት። ገዢው ከዘገየ ጣቢያው ሥራ እንደጀመረ ተቆጥሮ ክፍያ የሚጀምርበት አንቀጽም ያስፈልጋል። ያ አንቀጽ የሌለበትን ውል ባንክ አይነካውም።

ለምን 500 ኪሎ ቮልት? 230 አይበቃም?

ለሲዬራ ሁዋሬስ በቅቷል፤ መስመሩ አጭር፣ ምርቱም ትንሽ ነው። 600 ሜጋ ዋት በ230 ኪሎ ቮልት ሲላክ በእያንዳንዱ ፌዝ (ከመስመሩ ሦስት ሽቦዎች በአንዱ) 1,500 አምፔር ገደማ ይሄዳል፤ በ500 ሲሆን 700 ገደማ። በሽቦ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ከጅረቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ በዚያው ውፍረት ሽቦ ላይ ብክነቱ ወደ አምስተኛ ይወርዳል።

ከፍተኛ ቮልቴጅ የራሱ ጣጣ አለው። ነፋስ በሌለበት ሌሊት መስመሩ ባዶውን ሲቀር በወዲያኛው ጫፍ ቮልቴጁ ከሚገባው በላይ ይወጣል። ይህን የሚያወርድ ሪአክተር የሚባል መሣሪያ ካልተገጠመ መከላከያዎቹ መስመሩን ይቆርጡታል፣ ጠዋት ነፋሱ ሲመጣ መስመሩ ዝግ ሆኖ ይጠብቃል። ሲሞላ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ቮልቴጁን የሚደግፍ ይፈለጋል። ለሁለቱም የሚሆኑ መሣሪያዎች በጥናቱ ጊዜ ካልተካተቱ በኋላ ለመጨመር ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጁ ይችላሉ፤ ትልልቅ ትራንስፎርመርና ሪአክተር ከመደብር የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

የየትኛው አገር የግሪድ ደንብ ነው የሚሠራው?

የሚቀላቀለው ግሪድ ደንብ ነው፣ ማለትም የገዢው። በመስመሩ ላይ አጭር ግንኙነት (ሾርት) ተፈጥሮ ቮልቴጁ ለአፍታ ሲወድቅ ተርባይኖቹ ሳይቆረጡ መቆየት እንዳለባቸው፣ ምን ያህል ጊዜና እስከ ስንት በመቶ ድረስ፣ ደንቡ ይደነግጋል። ተርባይኑን ከመግዛት በፊት ይህ ሰነድ በእጅ መኖር አለበት። ከግዢ በኋላ ደንቡ ከተቀየረ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን መጻፍም አይረሳ።

ሁለት ሙሉ ግሪዶችን ማገናኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ የተገናኙት ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ በተዘረጋ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በሚረዝምና እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ በሚችል 500 ኪሎ ቮልት የቀጥተኛ ጅረት መስመር ነው። በሁለቱ ጫፍ የጅረቱን ዓይነት የሚቀይር ኮንቨርተር ጣቢያ ስላለ የአንዱ ግሪድ መናወጥ በቀጥታ ወደ ሌላው አይተላለፍም፤ የሚላከው መጠንም በትእዛዝ ይወሰናል። ለ60 ኪሎ ሜትር መስመር ግን የኮንቨርተሩ ዋጋ ከመስመሩ ስለሚበልጥ ማንም አይሞክረውም።

ቆጣሪው የት ነው የሚቀመጠው?

ርክክቡ በወረቀት ላይ ድንበሩ ነው፣ ቆጣሪው ግን ጫካ ውስጥ ካለ ምሰሶ ላይ አይሰቀልም፤ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከቆጣሪው እስከ ድንበር ያለው ብክነት በስሌት ይቀነሳል፣ ስሌቱም የውሉ አባሪ ይሆናል። ዋናና ተቆጣጣሪ ቆጣሪ፣ ሁለቱም 0.2 የትክክለኛነት ደረጃ (ስህተታቸው በ0.2 በመቶ ገደማ የተወሰነ) ያላቸው፣ ሁለቱም ወገኖች በተገኙበት ታሽገው ይቀመጣሉ። ሁለቱ ቆጣሪዎች ከተፈቀደው በላይ ሲለያዩ የየትኛው ወር ሒሳብ ወደ ኋላ ይታረማል የሚለው ካልተጻፈ ክርክሩ ዓመት ይፈጃል።

በግዢ ስምምነቱ ውስጥ በጣም መታየት ያለበት ምንድን ነው?

ዋጋው አይደለም። ዋጋውን ሁሉም ሰው ያያል። ከዋጋው በፊት እነዚህን አንብቡ፦

ገዢው «ምርቱን ቀንሱ» ሲል ምን ይከፍላል? ከተወሰነ ሰዓት በላይ የተቀነሰው እንደተመረተ ተቆጥሮ የሚከፈልበት ውል ብድር ያስገኛል፤ በገዢው ፈቃድ ብቻ የሚቀነስበት አያስገኝም።

ክፍያው በምን ገንዘብ ነው? ዋጋው በዶላር ተጽፎ ክፍያው በአገር ውስጥ ገንዘብ ከሆነ፣ የየትኛው ባንክና የየትኛው ቀን ምንዛሬ? ዶላር ቢጠፋስ?

ድንበር ቢዘጋ፣ ጦርነት ቢነሳ፣ የወዲያኛው መንግሥት ሕግ ቢቀይር ጉዳቱ የማን ነው? እዚህ ላይ ሁለት መንግሥታት ስላሉ ሁለት ዓይነት የመንግሥት አደጋ አለ። ጣቢያው ከራሱ አገር መንግሥት ጋር ያለው የኮንሴሽን (ለተወሰነ ዘመን የማልማት ፈቃድ) ውልና ከውጭ ገዢው ጋር ያለው የግዢ ውል አንድ ዓይነት ዕድሜና አንድ ዓይነት የማቋረጫ ቃላት ሊኖራቸው ይገባል። የኮንሴሽኑ 23 ዓመት፣ የግዢው 25 ዓመት ሆኖ ሲገኝ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ባለቤት የላቸውም።

ክርክሩ የት ይዳኛል? ከሁለቱ አገሮች ፍርድ ቤት ውጭ፣ በገለልተኛ የግልግል ዳኝነት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የኒው ዮርክ ስምምነትን በመቀበሏ የውጭ የግልግል ውሳኔ እዚህ የሚፈጸምበት መሠረት አለ።

ተከላው ላይ ምን ያስቸግራል?

መንገዱ። የዚህ መጠን ተርባይን አንድ ክንፍ ከ70 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፣ አይታጠፍም። ከወደብ እስከ ተራራው ያለ እያንዳንዱ ኩርባ፣ ድልድይና ዝቅ ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦ በቅድሚያ ይለካል። ዕቃው በገዢው አገር ወደብ ገብቶ ድንበር ሲሻገር ደግሞ ሁለት ጉምሩክ አለ፤ ለጥቂት ወራት የሚገባው ትልቁ ክሬን እንደ ጊዜያዊ ገቢ ዕቃ ካልተመዘገበ ሙሉ ቀረጥ ይጠየቅበታል።

መሠረቱም ቀላል አይደለም። ለአንድ ተርባይን 500 ወይም 600 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ያለማቋረጥ ይሞላል፤ 8 ሜትር ኩብ በሚይዝ መኪና ከ63 እስከ 75 ምልልስ ማለት ነው። መኪኖቹ ቆመው የፈሰሰው ቀድሞ ከጠነከረ አዲሱ ከአሮጌው ሳይያያዝ ይቀራል፣ ስንጥቁም ከዓመታት በኋላ ማማው ሲወዛወዝ ይወጣል። ለዚህ ነው ተጠባባቂ የኮንክሪት ማምረቻ ሳይኖር ሙሌት የማይጀመረው። ክንፍ ለመስቀል ደግሞ ነፋስ መቆም አለበት፤ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ10 ወይም 12 ሜትር በላይ ከሆነ ክሬኑ ይቆማል። የተመረጠው ቦታ ነፋሻማ ስለሆነ ነፋሱ በሚበረታበት ወቅት ተከላ አይሄድም።

በላኦስ ከሁሉም የሚቀድም ሌላ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1973 ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ተጥሎበታል፣ ሴኮንግና አታፑም በቬትናም ጦርነት የሰሜን ቬትናም ጦር ስንቅና ትጥቅ ባመላለሰበት በሆ ቺ ሚን መንገድ ላይ ነበሩ። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት መሬቱ ላልፈነዱ ቦምቦች ይፈተሻል፣ ይጸዳል። በጦርነት ባለፈ ማንኛውም የድንበር አካባቢ ይህ ወጪ በእቅዱ ውስጥ ከመጀመሪያው መግባት አለበት።

ስለ ወፎችና ስለ ነዋሪዎችስ?

ዓለም አቀፍ አበዳሪዎች ጥናቱን ድንበሩ ላይ እንዲቆም አይፈቅዱም፤ ወዲያ ማዶ ያለው መስመርም የፕሮጀክቱ አካል ተደርጎ ይታያል። መንደሮች የእርሻና የግጦሽ መሬታቸውን የሚያጡት በተርባይኑ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በመንገዱና በመስመሩ ነው። ተርባይኑ የሚቆምበት ቦታ ራሱ ትንሽ ነው።

ወፍ ጉዳይ በቀይ ባሕር ዙሪያ ልዩ ክብደት አለው። በመኸር ወራት በባብ ኤል መንደብ ተሻግረው ወደ አፍሪካ የሚገቡ ንስሮችና ጭልፊቶች በጅቡቲና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ላይ ያልፋሉ። በግብፅ የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ጣቢያዎች ታዛቢ ተቀምጦ መንጋ ሲታይ ተርባይኖቹ ለጊዜው ይቆማሉ። የሚታጣው ምርት ትንሽ ነው፣ ግን በውሉ ውስጥ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠር አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

አይሻ ለጅቡቲ በቀጥታ እንዲህ መሸጥ አይችልም?

በካርታ ላይ ሲታይ ፈታኝ ሐሳብ ነው። በሶማሌ ክልል ያለው አይሻ ለጅቡቲ ድንበር ቅርብ ነው፣ በ48 ተርባይኖች 120 ሜጋ ዋት የተነደፈው አይሻ ሁለትም እዚያው ነው። ግን ለጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚሠራ 230 ኪሎ ቮልት የግሪድ ግንኙነት አለ፣ ጅቡቲም ትንሽ ግሪድ ናት፣ በ2023 የራሷን 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ጣቢያ ጉቤት ላይ አስመርቃለች። ለብቻው በመስመር የታሰረ ትልቅ የነፋስ ጣቢያ እንዲህ ባለ ትንሽ ግሪድ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ያናውጠዋል። በኢትዮጵያ ግሪድ ውስጥ ገብቶ ከግድቦቹ ጋር ሲደባለቅ ግን ውኃው ይሸፍነዋል፤ ነፋስ ሲኖር ውኃ ይቆጠባል፣ ነፋስ ሲጠፋ ውኃው ይለቀቃል። ለጅቡቲ የሚሸጠው ቋሚ ኃይል ነው፣ ዋጋውም ከተለዋዋጭ ኃይል ይሻላል። የላኦሱ ዓይነት አሠራር የሚያዋጣው ገዢው ግሪድ ትልቅ ሲሆን ነው።

ነፋሱ ሲጠፋ ገዢው ምን ያደርጋል?

ከሌላ ምንጭ ይሸፍናል፤ ለዚህም ነው ጣቢያው በየቀኑ የነገውን ምርት በየሰዓቱ ከፍሎ እንዲተነብይ የሚጠየቀው። ትንበያው ከተፈቀደው በላይ ሲሳሳት አንዳንድ ውሎች ቅጣት ያስከፍላሉ። በትንበያና በባትሪ መካከል ምርጫ ሲመጣ መጀመሪያ ትንበያውን አሻሽሉ፤ ርካሽ ነው።

የንጹሕ ኃይልነቱ ጥቅም የማን ነው?

በውሉ የሚወሰን ነው። የሲዬራ ሁዋሬስ ኃይል በቀጥታ የካሊፎርኒያን ግሪድ ስለሚቀላቀል በግዛቲቱ የታዳሽ ኃይል ግዴታ ውስጥ ይቆጠራል፣ ተርባይኑ ሜክሲኮ ቢቆምም። የካርቦን ቅነሳውን ሻጩም ገዢውም በየሪፖርታቸው እንዳይቆጥሩት ባለቤትነቱ በአንድ አንቀጽ በስም መጠቀስ አለበት። ይህ ካልተደረገ ከዓመታት በኋላ የካርቦን ገዢ ሲመጣ ሁለቱ ወገኖች አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ለመሸጥ ሲሞክሩ ይገናኛሉ።